ግንዛቤና ሲሚንቶ

አትክልት ተራ መኪና ይቅርና ሽንኩርትም ሰው ይገጭ ነበር። ገበያው ከነሙሉ ግርግሩ እዚያ በነበረበት ዘመን ከጊዮርጊስ ወደ መርካቶ በእግሩ የወረደ ሁሉ ይመስክር። ዓይንህን ከፊት በሚመጣው ሚኒባስ ላይ ተክለህ ልትሻገር ስትል ከኋላህ "መንገድ! መንገድ!" የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ዞር ስትል አንድ ጆንያ እግር አውጥቶ ወደ አንተ እየሮጠ ነው። ከጆንያው ሥር ሰው አለ። ሰውየው አንገቱን ደፍቷልና የሚታየው የራሱ ጫማ ብቻ ነው። መኪና ቢሆን ጥሩምባ አለው፣ ፍሬን አለው፣ ገጭቶህ ቢያመልጥ እንኳ ሰሌዳ አለው። ሽንኩርት የተሸከመ ሰው ግን የሚተማመንበት ፍሬን ያንተ ቅልጥፍና ነው።

ሌሊቱ ደግሞ የባሰ ነበር። የመቂና የዝዋይ ቲማቲም፣ የአርባ ምንጭ ሙዝ፣ የሻሸመኔ ድንች በአይሱዙ ተጭኖ ሳይነጋ ይገባል። አይሱዙን አገሩ በሙሉ "አልቃይዳ" እያለ የሚጠራው በጠላትነት አይደለም፤ አነዳዱን አይቶ ነው። ሹፌሩም ቢሆን አይፈረድበትም። ቲማቲም ቀጠሮ አያከብርም፤ ፀሐይ ሳትወጣ ካልደረሰ ዋጋው ይወርዳል፣ እሱም ይፈርሳል። ሌሊቱን ሙሉ ከፀሐይ ጋር ሲሽቀዳደም ያደረ ሰው አትክልት ተራ መግቢያ ላይ ሲደርስ ድንገት ጨዋ ይሆናል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ሲነጋ የቦታው ክፍፍል ግልጽ ሆኖ ይታያል። የእግረኛ መንገዱ ለካሮት ተሰጥቷል። እግረኛው ስለዚህ አስፋልት ላይ ወርዷል። አስፋልቱ የመኪና ነው እንዳይባል፣ መኪናው ጭነቱን ለማራገፍ ግማሽ አካሉን የእግረኛ መንገድ ላይ ሰቅሎ ቆሟል። በሁለቱ መካከል በተረፈችው ክፍተት ውስጥ የእጅ ጋሪ፣ ተሸካሚ፣ ደላላ፣ ዘንቢል ያንጠለጠለች የቤት እመቤት፣ ቦርሳ ያዘለ ተማሪና "መርካቶ! መርካቶ!" የሚል የታክሲ ረዳት ይጋፋሉ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ለሠፈሩ በስሙ የተጠራ ጣቢያ ደረሰው፤ ደስ አለን። ከባቡሩ ወርዶ ቤት ለመድረስ ግን ያንኑ መንገድ መሻገር ነበረብን።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ አንድ ቀን ስብሰባ ተጠራን። ወረዳውን አልጠራም፤ ደግሞም መጥራት አያስፈልግም፤ የትኛውም አዳራሽ ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ እዚያም ነበራችሁ። አጀንዳው በር ላይ ተለጥፏል፦ "በአካባቢያችን እየተባባሰ የመጣውን የትራፊክ አደጋ አስመልክቶ ከነዋሪዎች ጋር መወያየት።" ሰዓቱ ከጠዋቱ 2፡30 ይላል። በሰዓቱ የተገኘነው እኔ፣ የጽዳት ሠራተኛዋና የፕላስቲክ ወንበሮቹ ነበርን። ሰብሳቢው 4 ሰዓት አለፍ ሲል ገቡና ለመዘግየታቸው ይቅርታ ጠየቁ፤ መንገዱ ተዘጋግቶባቸው ነው። ስብሰባው ሳይከፈት አጀንዳው ተረጋገጠ።

አዲስ አበቤ ለስብሰባ አዲስ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌን ከወለደ ወዲህ ያልተሰበሰብንበት ጉዳይ የለም። በስኳር ተሰብስበናል፣ በዘመቻ ተሰብስበናል፣ በአጥር ተሰብስበናል፣ ለምን ስብሰባ እንደማንመጣ ለመወያየትም ተሰብስበናል። ቀበሌው ወረዳ ሆነ፣ ከፍተኛው ክፍለ ከተማ ሆነ፣ የእንጨቱ አግዳሚ ወንበር ፕላስቲክ ሆነ። የአነጋገሩ ሥርዓት ግን እንደ ቅዳሴ ጸንቶ ቆይቷል። "አጭር ሀሳብ ነው ያለኝ" ያለ ሰው ቢያንስ ሩብ ሰዓት ይወስዳል። "ከእኔ በፊት የተናገሩት ያነሱትን ላለመድገም" ያለው ያንኑ ይደግመዋል። "ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው" የሚለው ደግሞ ይዞ የተነሳው ክስ ነው።

የመጀመሪያውን ዕድል ያገኙት ጡረተኛ መምህር ናቸው። አጭር ሀሳብ ነበራቸው፤ ከአጤ ምኒልክ ጀመሩ። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ አውቶሞቢል እየነዳ አዲስ አበባ ድረስ ማምጣቱን፣ ያን ጊዜ ከተማው ውስጥ መኪና ከሰው ቀርቶ ከመኪናም ጋር ሊጋጭ እንደማይችል፣ ምክንያቱም ሁለተኛ መኪና እንዳልነበር አብራሩ። ከዚያ ወደ 1956 ዓ.ም. ተሻገሩ። አገሩ እስከዚያ ድረስ የሚነዳው በግራ ነበር፤ በዚያ ዓመት ወደ ቀኝ ዞረ። "ስዊድኖች እንኳ ይህን ያደረጉት ከእኛ ሦስት ዓመት ዘግይተው ነው! ሕግ ወጣ፣ ምልክት ተተከለ፣ ሕዝቡም ከግራ ወደ ቀኝ ተላለፈ!" አሉ ጣታቸውን ከግራ ወደ ቀኝ እያሻገሩ። ከኋላ አንድ ወጣት "ጋሼ፣ አሁንስ በየት በኩል ነው የምንነዳው?" ብሎ ጠየቀ። ከእሳቸው በፊት ሌላው መለሰለት፦ "አሁንማ በመሃል ነው።"

ቀጥሎ የታክሲ ሹፌር ተነሳ። እሱ እንደሚለው ችግሩ ያለው እግረኛው ጋ ነው። ሰዉ ዜብራ እያለለት በአጥር ይዘላል፣ ስልክ እያወራ ይሻገራል፣ ጥሩምባ ሲነፋለት ይሳደባል። አዳራሹ አጉረመረመ። ከአጉረምራሚዎቹ አንዱ፣ የጅምላ ነጋዴ ነው፣ "ሥነ ሥርዓት!" ብሎ ተነሳና ችግሩ የጉልት ቸርቻሪዎቹ መሆኑን አስረዳ፤ መንገዱን የዘጉት እነሱ ናቸው። "የአንተ ሳጥንስ የት ነው የሚደረደረው?" አለችው አንዲት ቸርቻሪ ከተቀመጠችበት። "የእኔ ለጊዜው ነው" አላት። "ስንት ዓመት ነው ጊዜው?" አለችው። ሰብሳቢው ሁለቱንም "እባካችሁ በመድረክ በኩል" ብለው አስታረቁ።

ከሁሉም የከበደውን ጥያቄ ያነሳው አንድ ጋሪ ገፊ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ሁለት እጁን አጣምሮ ቆመ። "እኔ የምጠይቀው እኔ ምንድን ነኝ የሚለውን ነው። አስፋልት ላይ ስወጣ ትራፊኩ 'አንተ መኪና ነህ እንዴ?' ብሎ ያባርረኛል። የእግረኛ መንገድ ላይ ስወጣ ደንብ አስከባሪው 'አንተ እግረኛ ነህ እንዴ?' ብሎ ያባርረኛል። መኪና ከሆንኩ መኪና ነህ በሉኝ፤ ሰው ከሆንኩም ሰው ነህ በሉኝና በዚያው ልሂድ።" ማንም አልሳቀም። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ልጅ ጎን ተቀምጬ ነበርና ምን ብሎ እንደሚመዘግበው ለማየት አንገቴን አሰገግኩ። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ብሎ ነበር፦ "አንድ የማንነት ጥያቄ ቀርቧል።"

መጨረሻ ላይ ድንችና ካሮት በጉልት የሚሸጡ አንድ እናት ተነሱ። "እኔ እንደ እናንተ መናገር አልችልም" ብለው ጀመሩ፤ ከዚያም ጠዋቱን ሙሉ ከተናገሩት ሁሉ በተሻለ ተናገሩ። "እኔም መንገድ ላይ ነው የምቀመጠው፣ አልዋሽም። ግን ውሃ ለመቅዳት በቀን ስንቴ እሻገራለሁ። ሹፌሩ ለእኔ አይራራም፤ ለመኪናው ሆድ ግን ይራራል። እና ያንን ጉብ ያለውን፣ ስፒድ ብሬከር የምትሉትን፣ እሱን ብቻ ሥሩልን። ሌላ ሌላውን እናንተ ታውቃላችሁ።" ይህን ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። አዳራሹ አጨበጨበ። የታክሲ ሹፌሩ ሳይቀር አጨበጨበ።

የመድረኩ ምላሽ እንደ ወጉ ነበር። የተነሱት ጥያቄዎች እጅግ ተገቢ ናቸው። እንደ ወረዳ ችግሩ ይታወቃል። ስፒድ ብሬከር ግን የሚሠራው የሚመለከተው አካል ስለሆነ ለእሱ ይጻፋል፤ ጥናት ይደረጋል፤ በጀት ሲፈቀድ ይታያል። እስከዚያው ድረስ አቅጣጫ ተቀምጧል። በአጭር ጊዜ ለኅብረተሰቡ ግንዛቤ ይሰጣል፤ በመካከለኛ ጊዜ ግንዛቤ የመስጠቱ ሥራ ይጠናከራል፤ በረጅም ጊዜ ኅብረተሰቡ ያገኘው ግንዛቤ ይገመገማል። ከዚያ ለስላሳና ኩኪስ ታደለ። የለስላሳ ጠርሙሱን የሚያከፋፍሉት ልጆች ወንበር ለወንበር ሲሽሎከሎኩ ሳይ ሠፈራችንን ሙሉ በሙሉ አዳራሹ ውስጥ አየሁት፤ መተላለፊያውን ሁሉም በእግሩ ዘግቶታል፣ ሁሉም ደግሞ "አሳልፉና!" ይላል።

እኔ ግንዛቤን አልጠላም። ቅሬታዬ አዲስ አበባ ግንዛቤ አጥሯት የማያውቅ ከተማ መሆኗ ላይ ነው። ሬዲዮ የከፈተ ሁሉ የዕለቱን አደጋ ይሰማል፤ በየትምህርት ቤቱ በር ላይ የትራፊክ ደንብ ልብስ የለበሱ ሕፃናት ባንዲራ ይዘው ትልልቅ ሰዎችን ያሻግራሉ፤ "ቅድሚያ ለእግረኛ" የሚለው ጽሑፍ ያልተለጠፈበት ግድግዳ የለም። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ "መንገድ ለሰው" ተብሎ በወር አንድ እሑድ ትልልቆቹ ጎዳናዎች ለእግረኛ ይለቀቁ ጀመር፤ ልጆች ብስክሌት ነዱ፣ ጎልማሶች ስፖርት ሠሩ። ሰኞ ጠዋት ሁላችንም ግንዛቤያችንን እንደያዝን ወደ ጥሩምባችን ተመለስን።

አዳራሹ ውስጥ የነበረውን ሰው አንድ በአንድ ብትፈትኑት ማንም አይወድቅም። ሹፌሩ ዜብራ ላይ መቆም እንዳለበት ያውቃል፤ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ተፈትኖበታል። ነጋዴው ሳጥኑ የት መቆም እንደሌለበት ያውቃል፤ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ በስንት ደቂቃ እንደሚያስገባው ማየት ብቻ በቂ ነው። ጋሪ ገፊው ደግሞ ሕጉን ከሁላችንም በላይ ያውቃል፤ በሁለቱም በኩል ተባሮበታል። እውቀቱ ሞልቷል። እውቀቱን የያዘው ሰው ግን ቸኩሏል፣ ርቦታል፣ ቲማቲሙ እየፈረሰበት ነው። ስብሰባ ላይ ስንቀመጥ ሁላችንም እግረኛ ነን፤ ከአዳራሹ ስንወጣ እያንዳንዱ ወደየጭነቱ ይመለሳል።

እኚያ እናት የተናገሩት ነገር ለአንዳንዱ የጉልት ወሬ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን በዚህ ሐሳብ ከእሳቸው ጋር የሚስማሙ ትልልቅ ሰዎች አሉ። አርተር ኮምፕተን የተባለው አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1927 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ብርሃን ከኤሌክትሮን ጋር ሲጋጭ ምን እንደሚሆን በመመርመሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ በሚመራው ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ መኪናዎች በፍጥነት ሲያልፉ አስቸገሩት። ለሹፌሮቹ ስለ ኤሌክትሮን ግንዛቤ ሊሰጣቸው ይችል ነበር። እሱ ግን ተቀምጦ ስፒድ ብሬከር ነደፈ። የኖቤል ተሸላሚውና የአትክልት ተራዋ እናት ሳይተዋወቁ አንድ መደምደሚያ ላይ መድረሳቸው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ስዊድኖችም፣ እነዚያ ወደ ቀኝ ለመዞር ከእኛ የዘገዩት፣ በኋላ ነገሩን ከሥሩ አሰቡት። እ.ኤ.አ. በ1997 ፓርላማቸው "ዜሮ ራዕይ" የሚባለውን አሠራር አጸደቀ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሰው ይሳሳታል፤ ሲሳሳት እንዳይሞት አድርጎ መንገዱን መሥራት የመንገድ ሠሪው ኃላፊነት ነው። ሰውን ለመለወጥ ከመድከም መንገዱን መለወጥ ይቀላል እንደማለት ነው። የፍጥነት ስሌቱም ይደግፋቸዋል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የግጭቱ ጉልበት በአራት እጥፍ ይጨምራል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር በሚሄድ መኪና የተገጨ እግረኛ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ ፍጥነቱ ከ50 ሲያልፍ ተስፋው በፍጥነት እየመነመነ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ሹፌር እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ በትንሹ ማንሳቱ የአንድ ሰው ዕድሜ ነው።

በአዲስ አበባ ይህ ስሌት የሚመለከተው ማንን እንደሆነ ለማወቅ ጠቢብ መሆን አያሻም። በዚህ ከተማ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አምስት ሰዎች አራቱ ገደማ እግረኞች ናቸው። ከተማዋም ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2030 የሚዘልቅ የመንገድ ደኅንነት ስትራቴጂ አላት። ለገሃር አካባቢ ያለውን ያንን ሰፊ መጋጠሚያ አስታውሱ። በ2009 ዓ.ም. ገደማ በቀለምና በቀላል ዕቃዎች ማዕዘኖቹ ወደ ውስጥ ገቡ፣ የእግረኛው ቦታ ሰፋ፣ መሻገሪያው አጠረ። እዚያ የሚሻገረውን ሰው ማንም አዳራሽ አልጠራውም። መንገዱ ሲያጥርለት ራሱ ባጭሩ ተሻገረ።

የእኛ ሠፈር ግን የሚመለከተውን አካል መጠበቅ ታከተው። ከስብሰባው በኋላ ሳምንታት አለፉ፤ ደብዳቤው ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላ ጠረጴዛ መሄዱ ተሰማ፤ ከዚያም መሰማቱ ቆመ። አንድ ማታ የሠፈሩ ልጆች ተሰበሰቡ፤ ያለ አጀንዳ፣ ያለ ሰብሳቢ፣ ያለ ለስላሳ። ከአንድ ግንባታ ቦታ የተረፈ አሸዋና ጠጠር ተለምኖ መጣ። ሲሚንቶ የሰጠው ያ የጅምላ ነጋዴ ነው፤ እግዜር ይስጠው። ድንጋይ ተደርድሮ፣ ላዩ ተለስኖ፣ ሌሊቱን ዘብ ተቆሞለት፣ ሲነጋ አስፋልቱን አቋርጦ የተጋደመ ጉብታ ታየ። ቁመቱን የለካው የለም። ከልጆቹ አንዱ "እንዳይዘሉት ከፍ ይበል" ብሎ ነበርና ከፍ አለ፤ ሌላው "ትንሽ ጨምሩበት" አለ፣ ተጨመረበት። የእኛ ሰው ሲጨምር ደግሞ ያውቃል፤ ጉብታው ሲያልቅ የጉልበት ያህል ነበር።

ማለዳው ደስ ይል ነበር። ሚኒባሶቹ ጉብታው ጋ ሲደርሱ ሙሽራ እንደያዙ ሁሉ ቀስ ብለው ወጡ፣ ቀስ ብለው ወረዱ። ረዳቶቹ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው "ማን ነው ይሄን የሠራው?" ይላሉ፤ የሠራው ሁሉ ሰማይ ሰማይ ያያል። እኚያ እናት ጀሪካናቸውን ይዘው ሲነሱ አንድ አይሱዙ ጉብታውን ለመውጣት ሙሉ በሙሉ ቆሞ ነበር። አይሱዙው ቆሞ እሳቸው ሲያልፉ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ቸኩለው አልሮጡም፤ እንደ ሰው ተሻገሩ። ሹፌሩ ከመስኮቱ ሆኖ "እማማ፣ ይለፉ" አላቸው፤ እሳቸውም "ተባረክ ልጄ" አሉት። ግንዛቤ ማለት ይህ ከሆነ፣ ሹፌሩ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ አገኘው።

በማግስቱ ሌሊት ታሪኩ ተበላሸ። ከመቂ የመጣ ቲማቲም የጫነ መኪና፣ ጉብታው ትናንት እንደተወለደ የማያውቅ ሹፌር ይዞት፣ በሙሉ ፍጥነቱ ደረሰ። መኪናው ተረፈ፤ ሹፌሩም ደኅና ነው። የላይኞቹ ሳጥኖች ግን አየር ላይ ወጡ፣ የታችኞቹ ጠበቋቸው፤ ቲማቲሙ ድስት ሳይገባ ስጎ ሆነ። የጭነቱ ባለቤት ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሲሚንቶውን የሰጠው ነጋዴ። በጠዋቱ ዶማ ይዞ የመጣው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር፤ እኩለ ቀን ሳይደርስ ጉብታው ፈረሰ። ልጆቹም አልተከራከሩም፤ የተረፈውን ቲማቲም እየለቀሙ ነበር።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ጥናትም በጀትም የሚያስፈልገው። በወግ የተሠራ ስፒድ ብሬከር የራሱ ልክ አለው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቤተ ሙከራቸው ሞክረው ያወጡት ዓይነት ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በመኪናው አካሄድ አቅጣጫ ያለው ርዝመቱ ደግሞ 3 ሜትር ተኩል ይበልጣል። ዝቅ ያለና የተዘረጋ ነው፤ በልኩ ለሚነዳ ሰው ምንም አይደለም፣ ለሚሮጥ ብቻ ነው የሚቆጣው። ከመድረሱ በፊት ምልክት ይተከልለታል፣ ሌሊት እንዲታይ ቀለም ይቀባል፣ ጎርፍ እንዳያቁር ጎንና ጎኑ ይከፈትለታል። አምቡላንስና ትልልቅ አውቶቡስ የሚበዛበት ዋና ጎዳና ላይ ደግሞ ሌላ መላ ይፈለጋል፤ መንገዱን ማጥበብ፣ መሃል ላይ መቆሚያ ደሴት መሥራት፣ መሻገሪያውን ከፍ አድርጎ ማንጠፍ። ሠፈሩ ሐሳቡን አልሳተም፤ የጎደለው ልኩ ነው። ልኩን የሚያውቀው ባለሙያ ደግሞ ስብሰባው ላይ አልነበረም። በእኛ በኩል ወኔ ያለ ሜትር ነበር፤ በእሱ በኩል ሜትር ያለ ጉብታ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ገበያው ራሱ ተነሳ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ግፊያው አስፈራና አትክልት ተራ ለጊዜው ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ ክረምቱን ጭቃ ውስጥ አሳልፎ፣ በ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሳይደርስ ለታቦታቱ ቦታ ለቅቆ ወደ ሃይሌ ጋርመንት ሄደ። አንዳንዱ ሰው ያን ጊዜ "በቃ፣ የትራፊኩ ችግር ተፈታ" አለ። አልተፈታም፤ ተጫነ እንጂ። ሽንኩርቱ በአይሱዙ ሲሄድ ተሸካሚውም፣ ጋሪ ገፊውም፣ ጉልት ቸርቻሪዋም፣ የሚቸኩለው ሹፌርም አብረው ሄዱ። በሄዱበትም የሚሻገሩት አስፋልት አለ። ጋሪ ገፊው መኪና ይሁን ሰው አሁንም መልስ የሰጠው ያለ አይመስለኝም።

ሰዉ ግን ትንሽ ሲሚንቶ ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ ከዚያ በኋላ በደንብ ታይቷል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ከፒያሳ ጀምሮ ትልልቆቹ ጎዳናዎች ዳርና ዳር ሲሠሩ፣ ስለ ሌላው የሚነሳው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ የእግረኛ መንገዱ ሰፋ። ስለ አረማመድ ሥልጠና የወሰደ አንድም ሰው አላውቅም። መንገዱ በተመረቀ ማግሥት ግን አስፋልት ላይ ይሄድ የነበረው ያው ሰው ወደ ላይ ወጥቶ ይንሸራሸር ጀመር፤ አረጋውያን አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፣ ልጆች በብስክሌት መንገዱ ላይ መንዳት ተማሩ። "ኅብረተሰቡ የመንገድ ባህል የለውም" እየተባለ ስንት ዓመት ስንሰበሰብ ኖረን፤ ባህሉ ለካ የሚረግጠው ቦታ አጥቶ ነበር።

ይህ ሁሉ ለትልቁ ጎዳና ደረሰው። እንደ ያኔው አትክልት ተራ ላለ ጠባብና የሚጋፋ ሠፈር፣ ለትምህርት ቤቱ በር፣ ለጤና ጣቢያው መሻገሪያ፣ ለጀሪካን ተሸካሚዋ እናት ግን ገና ብዙ ጉብታ ይቀረዋል። ምርቃት የሌለው፣ ሪባን የማይቆረጥለት፣ ዋጋው ከአንድ ቀን ስብሰባ ለስላሳ ብዙ የማይበልጥ ሥራ ነው። ምናልባት የሚዘገየውም ለዚህ ይሆናል፤ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ቆሞ ፎቶ መነሳት አይመችም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ሐሳብ አለኝ። ግንዛቤውን እኛ ከየቤታችን ይዘን እንመጣለን፤ ሞልቶናል። የመንገድ ባለሙያው ሜትሩን ይዞ ይምጣ፤ ከመድረኩ ላይ ሳይሆን ከእኛው ጋር መንገዱ ዳር ይቁም። ቃለ ጉባኤው ላይም "አቅጣጫ ተቀምጧል" የሚለው ቀርቶ ሦስት መስመር ብቻ ይጻፍ፦ የት ቦታ፣ በስንት ሴንቲ ሜትር፣ በየትኛው ቀን። ቀኑ ሲደርስ ካልተሠራ ስብሰባ ተጠርቶ የምንጠይቀው ሰው ስሙን ጽፎ ከሥር ይፈርም። ጋሪ ገፊውም መልሱን በጽሑፍ ይውሰድ። ይህን ለመናገር እጄን አውጥቼ እጠብቃለሁ፤ ሰብሳቢው ዕድሉን ከሰጡኝ ብዙ አላስቸግራቸውም፣ አጭር ሀሳብ ነው ያለኝ።